ከፋብሪካው ደጅ ማዶ፦ የዶን ዬንኮ ሕይወትና ሥራ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ፣ በዚያ ከሚመላለሱት ተሽከርካሪዎች መካከል ከፋብሪካ እንደ ወጣ የሚገኘው ጥቂቱ መሆኑን ይመሰክራል። በቆሎና በርበሬ የሚጭነው አይሱዙ ተጨማሪ ባሌስትራ ተደርቦለታል፤ የጭነት ሣጥኑም ግድግዳ በብረትና በላሜራ ከፍ ብሏል። ለዕቃ ማመላለሻ የተሠራው ቫን ወንበር ተበይዶበት ሰው ያጓጉዛል። የገበያ ቀን ከከተማ ገጠር የሚመላለሰው የፈረስ ጋሪ እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚሽከረከረው ከመኪና በተወሰደ ጎማ ነው። ይህን ሁሉ የሚሠራው በመንገድ ዳር ጋራዥ ያለው መካኒክና በያጅ ነው። እንግዲህ የፋብሪካው መሐንዲስ ሥራውን ጨርሶ እጁን ከታጠበ በኋላ የሚጀምር ሌላ ምሕንድስና አለ ማለት ነው።

ይህ ሁለተኛው ምሕንድስና በአብዛኛው ስም የለውም። ንድፉ በወረቀት አይሰፍርም፤ የሠሪው ፊርማ አይታይበትም፤ አደጋ በደረሰ ጊዜም ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ከስድሳ ዓመት ገደማ በፊት በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ግዛት፣ በአንዲት አነስተኛ ከተማ መኪና ይሸጥ የነበረ ሰው ይህንኑ ሥራ ስምና ቁጥር ያለው ሙያ አድርጎት ነበር። ሰውየው ዶን ዬንኮ ይባላል። አሜሪካውያን የጡንቻ መኪና የሚሉት፣ በመካከለኛ ወይም በአነስተኛ አካል ላይ ትልቅ ሞተር የተገጠመበት የመኪና ዓይነት በገነነበት ዘመን፣ ከሻጭ ሱቅ ተሻሽለው ከወጡት መኪናዎች ሁሉ ዝናቸው እስከ ዛሬ ያልደበዘዘው የእሱ ናቸው። ሕይወቱ ስኬትም ስሕተትም የተቀላቀለበት በመሆኑ ለባለሙያ የሚሰጠው ትምህርት ቀላል አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሱቅ ወደ ውድድር ሜዳ

ዶናልድ ፍራንክ ዬንኮ በሜይ 27 ቀን 1927 ተወለደ። ያደገበት ምዕራብ ፔንሲልቫኒያ፣ በፒትስበርግ ዙሪያ ያለው አገር፣ የድንጋይ ከሰል ማዕድንና የብረት ማቅለጫ የበዛበት፣ ሕዝቡም በእጁ ሠርቶ የሚያድር ነበር። አባቱ ፍራንክ ዬንኮ መኪና ሻጭ ሲሆን፣ ንግዱን ቤንትሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ጀምሮ ኋላ ካነንስበርግ ወደምትባለው ከተማ አስፋፋው። ሱቁ የሼቭሮሌት መኪናዎችን ይሸጥ ስለ ነበር፣ ልጁ በሽያጭ ወረቀትና በሞተር ዘይት መካከል አደገ። ገና በወጣትነቱ አውሮፕላን ማብረር ተማረ፤ በአሜሪካ አየር ኀይል አገለገለ፤ ከፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲም ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ወደ አባቱ ሱቅ ተመልሶ ሥራውን ያዘ።

በመኪና ውድድር መሳተፍ የጀመረው በ1957፣ ሠላሳ ዓመት በሞላው ጊዜ ነው። ይህ ለተወዳዳሪ ዘግየት ያለ ዕድሜ ቢሆንም፣ በሼቭሮሌት ኮርቬት እየነዳ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በምድቡ የአገር አቀፍ ሻምፒዮን ለመሆን በቃ። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ተቀናቃኙ ፎርድ ኩባንያ ካሮል ሼልቢ ከተባለው የቀድሞ ተወዳዳሪ ጋር ተባብሮ ቀላል አካልና ብርቱ ሞተር ያላቸው መኪናዎች ወደ ሜዳው አወረደ። ክብደቱ የበዛው ኮርቬት ከኋላ መቅረት ጀመረ። በሌላ በኩል የሼቭሮሌት ባለቤት የሆነው ጄኔራል ሞተርስ በ1963 መጀመሪያ ክፍሎቹ ሁሉ ከውድድር እንዲወጡ አዝዞ ነበር። ስለዚህ የሼቭሮሌት ተወዳዳሪ ከፋብሪካው ግልጽ ድጋፍ የሚጠብቅበት መንገድ ተዘጋ። ዬንኮ መፍትሔውን በራሱ ጋራዥ ውስጥ ይፈልግ ያዘ።

የተነቀፈችው መኪና

የመጀመሪያ ሥራው ያረፈው ማንም ባልጠበቃት መኪና ላይ ነው። ሼቭሮሌት ከ1960 ጀምሮ የሠራት ኮርቬር ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ስድስቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ የተጋደሙ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት ኮርቬሮች የኋላ ጎማ አሰቃቀል መኪናዋ በኀይል በምትታጠፍበት ጊዜ ጎማው ከመንገዱ ጋር ያለውን ማዕዘን በድንገት የሚለውጥ ስለ ነበር፣ ነጂውን ሊያሳስት ይችል ነበር። በ1965 መጨረሻ የሕግ ባለሙያው ራልፍ ኔደር ስለ አሜሪካ መኪናዎች ደኅንነት ባወጣው መጽሐፍ ይህችን መኪና ክፉኛ ነቀፋት። ፋብሪካው ለ1965 ሞዴል የኋላውን አሰቃቀል ፈጽሞ ቀይሮት የነበረ ቢሆንም፣ ስሟ አንዴ ስለ ጎደፈ ገዢው መሸሹን አላቆመም።

ዬንኮ ግን የስሟን ሳይሆን የአዲሱን አሰቃቀሏን ሁኔታ ተመለከተ። የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክበብ አንዲት መኪና በስፖርት መኪናነት እንድትወዳደር በዚያን ጊዜ ይፈቅድ የነበረው፣ ሁለት መቀመጫ ብቻ ኖሯት ቢያንስ 100 ከተሠሩ ነው። ስለዚህ ዬንኮ 100 ነጭ ኮርቬሮችን አዝዞ የኋላ ወንበራቸውን አወጣ። የሞተሩን አየር አሳሳብና የማርሚታውን ቧንቧ አሻሻለ፤ መሪውንና ፍሬኑንም ለውድድር አዘጋጀ። ፋብሪካው 140 የፈረስ ጉልበት የሰጠው ሞተር በቀላሉ ማሻሻያ 160፣ በከባዱ ደግሞ ከ200 በላይ አወጣ። ክበቡ የወሰነው ቀን የ1966 መባቻ ስለ ነበር፣ መቶዎቹ መኪናዎች ተሠርተው ያለቁት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ስቲንገር ተብለው ተሰየሙ፤ ትርጓሜውም ተናዳፊ ማለት ነው። በ1967 ከእነዚሁ አንዷ በምድቧ የአገር አቀፍ ሻምፒዮናነትን ተቀዳጀች።

በዚህ የመጀመሪያ ሥራ ውስጥ የዬንኮ ጠባይ ሁሉ ታይቷል። ደንቡን አይጥስም፤ ነገር ግን ከተጻፈው ደንብ ቃል በቃል ምን እንደሚፈቀድ አጥብቆ ያነባል። መኪናውን ከመሠረቱ አይፈጥርም፤ ነገር ግን ፋብሪካው ያዘጋጀውና ያልተጠቀመበት ምን እንዳለ ይመረምራል። የሚሠራውንም በአንዲት መኪና ሳይወስን በመቶ ቆጥሮ፣ በተራ ቁጥር መዝግቦ ያወጣል።

ሰባት ሊትር ሞተር

ሼቭሮሌት በ1966 መጸው ካማሮ የምትባለውን መኪና ለገበያ አቀረበ። በዚያን ጊዜ የጄኔራል ሞተርስ አስተዳደር መካከለኛና አነስተኛ መኪናዎች ከ400 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለት ከስድስት ሊትር ተኩል ገደማ የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠምላቸው ደንግጎ ነበር። ለካማሮ የሚፈቀደው ትልቁ ሞተር ባለ 396 ኪዩቢክ ኢንቹ ነበር። ለኮርቬትና ለትልልቆቹ መኪናዎች የሚሠራው ባለ 427ቱ ሰባት ሊትር ሞተር ግን ከዚሁ ቤተሰብ የተወለደ ነው። የፒስተኑ ምልልስ በሁለቱም 95.5 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የተለየው የሲሊንደሩ ስፋት ብቻ ነው፤ በአንደኛው 104፣ በሁለተኛው 108 ሚሊሜትር። በውጭ መጠናቸውና በማሰሪያ ቦታቸው አንድ ስለሆኑ፣ አንዱ በወጣበት ቦታ ሌላው ላሜራ ሳይቆረጥ ይቀመጣል።

የዬንኮ ጋራዥ በ1967 እና በ1968 ያደረገው ይህንኑ ነው። ካማሮዎቹን ከነ396 ሞተራቸው ይቀበልና፣ ያንን አውርዶ ባለ 427ቱን ይጭናል። በሁለቱ ዓመታት የተሠሩት መኪናዎች ከመቶ ጥቂት ያለፉ ብቻ ነበሩ። የተሸጡትም በካነንስበርግ ብቻ አይደለም፤ በሌሎች ክፍለ ግዛቶች ያሉ ሻጮችም እየተቀበሉ ያከፋፍሏቸው ነበር። ፋብሪካው ለሞተሩ የሰጠው ቁጥር 425 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ዬንኮ በማስታወቂያው 450 ይለው ነበር። ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ መነገር ያለበት፣ በዚያን ዘመን የአሜሪካ ሞተር ጉልበት የሚለካው ሞተሩ ለብቻው በመለኪያ መቀመጫ ላይ ሆኖ፣ መደበኛው የአየር ማጣሪያና ማርሚታ ሳይገጠምለት መሆኑን ነው። ጎማው ላይ የሚደርሰው ኀይል ከዚያ በጣም ያንሳል። ይኸው ሞተር ወደ ቡሬ፣ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ወዳለው አገር ቢመጣ ኖሮ፣ አየሩ በመሳሳቱ ብቻ ከኀይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ባጣ ነበር።

በጋራዥ ሞተር መቀየር ግን ሦስት ችግር ነበረበት። ለአንዲት መኪና የሚጠፋው የሥራ ሰዓት ብዙ ነው፤ የወረደው ሞተር ገዢ ሊፈለግለት ይገባል፤ ከሁሉም በላይ ፋብሪካው ራሱ ላልገጠመው ሞተር ዋስትና አይሰጥም። ዬንኮ ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ከሕይወት ሥራው ሁሉ የላቀው ነው። ጄኔራል ሞተርስ በማዕከላዊ ቢሮ የሚታይ ልዩ ትእዛዝ የሚባል አሠራር ነበረው፤ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኮፖ ይባላል። አሠራሩ የተዘረጋው ለታክሲ ድርጅቶች፣ ለፖሊስና ብዙ መኪና በአንድ ጊዜ ለሚገዙ መሥሪያ ቤቶች ነበር፤ ልዩ ቀለም ወይም ጠንካራ ወንበር የሚፈልግ ድርጅት በዚህ መንገድ ያዝዛል። የሞተሩን ወሰን የደነገገው አስተዳደር ይህን ትንሽ በር አልዘጋውም ነበር። ዬንኮ ለታክሲ ቀለም በተከፈተው በር ሰባት ሊትር ሞተር አስገባ።

በ1969 ኮፖ 9561 በተባለው ትእዛዝ ካማሮዎቹ ባለ 427ቱን ሞተር ይዘው ከፋብሪካው በቀጥታ ወጡ። ዬንኮ የተቀበላቸው 200 ያህል ሲሆኑ፣ ሼቬል ከምትባለው መካከለኛ መኪናም በተመሳሳይ መንገድ 99 አሠርቷል። ትእዛዙ ከሞተሩ ጋር ከባድ ራዲያተር፣ የተጠናከረ ዲፈረንሻልና ከፊት የዲስክ ፍሬን እንዲገጠም ያደርግ ነበር። ዋጋው 4,000 ዶላር ገደማ ነበር። በጋራዡ የሚቀረው ሥራ የጎን መስመሩን መለጠፍ፣ ምልክቱን መትከልና ገዢው ሲፈልግ ልዩ ማርሚታና ጎማ መግጠም ብቻ ሆነ። ዋስትናውም የፋብሪካው ነው።

የሥራው ጓደኞችና ወሰኑ

ዬንኮ በዚህ ሥራ ብቻውን አልነበረም። በሚሺጋን ሮያል ፖንቲያክ፣ በቺካጎ ኒኪ ሼቭሮሌትና ሚስተር ኖርም በሚል ስም የታወቀው የዶጅ ሻጭ፣ በኒው ዮርክ አቅራቢያ ባልድዊን ሞሽን፣ በሮድ አይላንድ ታስካ ፎርድ ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። ፎርድ በ1968 ኮብራ ጄት ብሎ ያወጣው ሞተር የታስካ ጋራዥ አስቀድሞ በአንዲት ሙስታንግ ላይ ከሠራው ሥራ የተወለደ ነው። ይህም ሻጩ ከፋብሪካው ትእዛዝ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን፣ አንዳንድ ጊዜ የፋብሪካው መምህር ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። ምክንያቱም ገዢውን በየዕለቱ የሚያየው፣ የተሰበረውንም ክፍል በእጁ የሚይዘው ሻጩና መካኒኩ ነው።

ይሁን እንጂ የዬንኮ ሥራ ሁሉ እኩል አልተመሰገነም። በዚያው በ1969 ኖቫ በምትባለው ቀላል መኪና ላይ ባለ 427ቱን ሞተር በራሱ ጋራዥ አስገጥሞ ከአርባ ያነሱ ሸጠ። ካማሮዋ ከፋብሪካው በተሟላ ትእዛዝ ስትወጣ፣ ኖቫዋ ግን የተቀየረላት በዋነኛነት ሞተሯ ነበር። ከፊት ያረፈው ብረት ከባድ፣ ጎማው የዚያ ዘመን ጠባብ ጎማ፣ ኀይሉም ከመኪናዋ መጠን ጋር የማይመጣጠን ነው። ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሸሿት፤ ዬንኮም ራሱ ኋላ አደገኛ እንደ ነበረች አልሸሸገም። በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ዓይነት ሞተር ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ተሠርተዋል። በአንደኛው ሞተሩን የሚሸከመው፣ የሚያቀዘቅዘውና የሚያቆመው ሁሉ ታስቦበታል። በሁለተኛው ግን ሞተሩ ቀድሞ ሌላው ወደ ኋላ ቀርቷል።

የዘመኑ መለወጥ

በ1970 ነገሩ በሦስት አቅጣጫ ተለወጠ። አንደኛ፣ ጄኔራል ሞተርስ የሞተሩን ወሰን በማንሣቱ ሼቬል ከፋብሪካው 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ይዛ ትሸጥ ጀመር፤ ዬንኮ በጓሮ በር ያስገባው በዋናው በር ገባ። ሁለተኛ፣ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች በእነዚህ መኪናዎች ላይ፣ በተለይም ለወጣት ነጂዎች፣ የሚጠይቁት ክፍያ እጅግ ናረ። ሦስተኛ፣ የአየር ንጽሕና ሕግ ወጥቶ የጭስ ቁጥጥር ጠበቀ። ዬንኮ ለሁለተኛው ችግር ዲውስ የተባለችውን ኖቫ አዘጋጀ። ሞተሯ 350 ኪዩቢክ ኢንች ብቻ ስለ ነበር ለኢንሹራንሱ ሠራተኛ የማያስፈራ ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን 360 ነበር። ከ175 ገደማ አልበለጡም። የሚያስመሰግነው፣ ከቀደመችው ኖቫ ይልቅ ይህች ክብደቷና ኀይሏ የተመጣጠነ መሆኑ ነው።

ሦስተኛውን ችግር ግን በብልሃት ሊያልፈው አልቻለም። ቬጋ በምትባለው ትንሽ መኪና ላይ ተርቦ ቻርጀር ሊገጥም ባሰበ ጊዜ፣ የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት የተሻሻለው ሞተር 50,000 ማይል ተነድቶ ጭሱ እንዲፈተን ጠየቀ። ይህ ለትልቅ ኩባንያ የዕለት ሥራ ሲሆን፣ ለአንድ ከተማ ሻጭ ግን የማይቻል ወጪ ነው። ቬጋዎቹ ያለ ተርቦ ተሸጡ። በ1973 ደግሞ የነዳጅ እጥረቱ መጣ፤ የትልቅ ሞተር ዘመንም ተፈጸመ። ዬንኮ በ1981 ተርቦ የተገጠመላት ካማሮ አውጥቶ የመጨረሻ ሙከራውን ቢያደርግም፣ ሁለት መቶ አስቦ የተሸጡት 19 ብቻ ሆኑ።

ማርች 5 ቀን 1987 ዬንኮ የራሱን አነስተኛ አውሮፕላን እያበረረ በዌስት ቨርጂኒያ፣ በቻርልስተን ከተማ ለማረፍ ሲሞክር በደረሰው አደጋ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ሞተ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው የቀረው ሦስት ወር እንኳ አይሞላም ነበር።

መዝገቡ ከባለቤቱ በኋላ

ዬንኮ በሞተበት ጊዜ መኪናዎቹ ገና ያረጁ መኪናዎች ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ በውድድር ሜዳ ተሰባብረዋል፤ ሌሎቹም ሞተራቸው ወጥቶ ሌላ ገብቶላቸዋል። ዋጋቸው የናረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ4,000 ዶላር የተሸጠች ካማሮ በጨረታ መቶ ሺዎች ዶላር ታወጣ ጀመር። ዋጋ ሲመጣ ማታለልም ተከትሎ መጣ። የ1969 ካማሮ የሻንሲ ቁጥር ሞተሩ ባለ ስምንት ሲሊንደር መሆኑን እንጂ ባለ ስንት ሊትር እንደ ሆነ አይገልጽም። ስለዚህ ተራ ካማሮ ላይ ትልቅ ሞተር አስገብቶ፣ መስመርና ምልክት ለጥፎ የዬንኮ ሥራ ናት ብሎ መሸጥ አስቸጋሪ አልነበረም።

እውነተኛይቱን ከሐሰተኛይቱ የለየው ወረቀት ነው። የካነንስበርግ ሱቅ የማዘዣ ወረቀት፣ የመላኪያ ደረሰኝ፣ በተራ ቁጥር የተያዘ መዝገብና በሞተሩ ላይ የተመታ ማኅተም ስለ ነበሩ፣ ወዳጆቹ ዓመታት ወስደው እያንዳንዷን መኪና በቁጥሯ ሊከታተሉ ችለዋል። በዚህም መኪናዎቹ የት እንደ ደረሱ ብቻ ሳይሆን፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ምን እንደ ተሠራ ይታወቃል። አንድ የአውራጃ ከተማ ሻጭ ለንግዱ ሲል የያዘው መዝገብ ከራሱ ዕድሜ በላይ አገልግሏል።

አሁን ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ መንገድ መመለስ ይገባል። በዚያ የሚሠራው ሥራ ከዬንኮ ሥራ በዓላማ ይለያል፤ እሱ ለፍጥነት፣ የእኛ አገር መካኒክ ለጭነት ነው የሚደክመው። የምሕንድስናው ሕግ ግን አንድ ነው። ባሌስትራ የተደረበለት አይሱዙ ተጨማሪ ኩንታል ያነሣል፤ ፍሬኑ ግን ፋብሪካው ላሰበው ክብደት የተሠራው ያው ፍሬን ነው። ይህ መኪና በቆሎ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ፣ ደጀን ላይ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወስደው የዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል። በዚያ ቁልቁለት ላይ የጎደለው ነገር ይገለጣል፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ነጂውና ረዳቱ፣ አልፎም ከፊት ያለው መንገደኛ ነው። ባሌስትራው መደረቡን የሚገልጽ አንዲት መስመር በሊብሬውም ሆነ በጋራዡ ደብተር ላይ ካልሰፈረች፣ መርማሪው ምክንያቱን፣ ቀጣዩም መካኒክ ጥንቃቄውን ሊያገኝ አይችልም።

የመንገድ ዳር ጋራዡን ሥራ መከልከል የሚቻልም የሚገባም አይደለም፤ አገሩ የሚንቀሳቀሰው በእሱ ነውና። የሙያ ማኅበሩ አባላት ሊያደርጉት የሚችሉት፣ ሥራው የካማሮዋን እንጂ የኖቫዋን መንገድ እንዳይከተል መርዳት ነው። ጭነት የተጨመረበት ፍሬኑ እንዲታሰብለት፣ ወንበር የተበየደበት ቫን ማሰሪያው እንዲፈተን፣ የተሠራው ሁሉ በሠሪው ስም እንዲመዘገብ። ዶን ዬንኮ ከፋብሪካው ደጅ ማዶ የሚሠራ ሥራ ስም ሊኖረው እንደሚችል በሕይወቱ አሳይቷል። ስም ያለው ሥራ ደግሞ ተጠያቂም አለው።